ልጄን የሸኛት ሣጥን

ከበሮ መቺ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል፣ ግን አፌ ገና አልለመደውም። እርሻዬ ከላሊበላ በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚወጣው ዳገት ጎን ነው። ገብስና ባቄላ እዘራለሁ፤ ጥር ሲገባ ደግሞ ሠርግ ላይ እመታለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ሌላ ነው፤ እሱ የካህናቱ ነው፣ እኔ አልነካውም። የኔው የጭፈራው ነው። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ከስሜ በቀር ብዙ ጽፌ አላውቅም። አሁንም የምጽፈው በግራ እጄ ነውና አንዷን ገጽ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ይፍጅ። ሌላ ሥራ የለኝም።

ቀኙ እጄ የሞተው ባለፈው ክረምት ነው። ማለዳ ተነስቼ ጫማዬን ላነሳ ብል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ሐኪም ቤት ደም ግፊት ነው ብለው ክኒን ሰጡኝ። ጠበልም ገባሁ። እግሬ ተሻለው፣ የተጣመመው አፌ ተቃና፤ እጄ ግን እንደ ሰው ዕቃ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ቀረ። የሚጠይቀኝ ሁሉ "አይዞህ፣ ግራው አለ" ይለኛል። የከበሮው ሰፊው ፊት የሚመታው በቀኝ መሆኑን ለማን አስረዳለሁ? እርሻውንስ ቢሆን ሰው ያርስልኛል። ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። የመጨረሻዋ ልጄ ለጥር ልትዳር ነው።

እኛ ቤት ሴት ልጅ የምትወጣው በከበሮ ነው። መጀመሪያ ዝግ ያለው ምት ይመታል፤ ሙሽራዋ ተሸፍና የዘመድ አዝማዱን ጉልበት እየሳመች ትዞራለች፣ እነሱም ይመርቋታል። የሁሉም መጨረሻ የአባቷ ጉልበት ነው። አባት መርቆ ሲያበቃ ከበሮው ይፈጥናል፤ ያኔ ሚዜዎቹ አንስተው ያወጧታል። ከበሮው ሳይፈጥን ማንም አይነካትም። መቺውም አባትየውም እኔው ስለሆንኩ፣ ሁለቱን ትልልቆቹን ስሸኝ እጄ እየመታ አፌ እየመረቀ ደህና አድርጌ አቆይቻቸዋለሁ። ሁለተኛይቱ ላይ አንዱ ሚዜ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣

"አባታችን፣ ይኸ ሠርግ ነው ወይስ ሱባኤ?" አለኝ።

"ያንተ እጅ ነው ወይ የሚደክመው?" አልኩት። እሱ ስለተናገረ ብቻ ጨመርኩበት።

ይችኛዋ ታዲያ አንድ ቀን ባቄላ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ "አባየ፣ እኔስ በማን ከበሮ ልወጣ ነው?" አለችኝ።

"ሰው እናመጣለን። መቺ ሞልቷል።"

"ሰው አልፈልግም" አለች። ግትርነቷን ከኔ ነው የወሰደችው፤ እናቷ እንዲህ አይደለችም።

ወንዱ ልጄ ነው መላ አገኘሁ ብሎ የመጣው። ድሮ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ ለእንግዳ ኦርጋን ይጫወት ነበር። ጦርነቱ መጥቶ እንግዳው ሲቀር አዲስ አበባ ሄዶ ዘፈን የሚቀዳበት ቤት ገባ። ለገና ሲመጣ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ከሻንጣው አወጣ። ጠፍጣፋ ሣጥን ነው። ከታች ቁልፎች እንደ ጥርስ ተደርድረዋል፣ ከነሱ በላይ ትንንሽ ማዞሪያዎች አሉበት።

"ምንድን ነው?"

"ከበሮ ነው፣ አባየ።"

"ቆዳው የታለ?"

እናቱ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ተቀምጦ ያስረዳኝ ጀመር። የዚህ ሣጥን አባት የሚሆነው ዱሮ ባሕር ማዶ የተሠራ ነው አለኝ። ገበያ ሲወጣ፣ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ብሎ ሰው ሳቀበት፤ ፋብሪካውም ተወው። ኋላ ዘፋኞች ያንኑ የተሳቀበትን ድምፅ ወደዱት፤ የተረፈውም አሮጌ ሁሉ ሀብታም እጅ ገባ። አሁን ሌሎች ሰዎች የውስጡን አሠራር እንዳለ ተከትለው፣ ለኛ ቢጤ በሚደርስ ዋጋ እንደ አዲስ ይሠሩታል።

"ውስጡ የተቀዳ ድምፅ የለም" አለኝ። "ኤሌክትሪኩ ራሱ ነው የሚጮኸው። ያሁኑ ኮምፒውተር የሰው ከበሮ ቀድቶ ያሰማል፤ ይኸ ግን አይቀዳም። የራሱ ድምፅ ነው ያለው።"

"ሲወለድ የሳቁበትን ሲቀብሩት አለቀሱለት በለኛ።"

"እንደሱ ነው።"

"የኔንስ ከበሮ መቼ ነው የሚያስመስሉት?"

"እኔ ምን ልሠራ የመጣሁ መሰለዎት?" አለኝ። "ድምፅዎን አይወስድም፤ የሚመቱበትን ቦታ ግን ይይዝልኛል። ያንቱን ምት አስገባበታለሁ። እህቴ ባንቱ ምት ትወጣለች።"

ይኸን ሲል እናቱ ሳቋን ተወች። እኔም ፎጣውን በግራ እጄ ሰብስቤ ሰጠሁት። እሺ ማለቴ ነበር።

በማግስቱ ሣጥኑን ከባትሪ አገናኝቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እኔ በአፌና በግራ እጄ፣ ጉልበቴን እየመታሁ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ቁልፍ ይጫናል። ቀይ መብራት ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ይሮጣል፣ የተጫነው ላይ ሲደርስ ይመታል። መጀመሪያ የወጣው ነገር ገብስ የሚወቅጥ ሰው ነው የሚመስለው።

"ቆዳው ቀዝቅዟል" አልኩት። ከበሮ ብርድ ሲገባው ድምፁ ይላላል፤ እኛ እሳት እናሞቀዋለን።

አንዱን ማዞሪያ ነካ አደረገ። "ይኸው፣ ሞቀ።"

እውነትም ሞቀ። ድምፁ ጠበቅ ብሎ ወጣ። እሳት የለ፣ ጭስ የለ። ደነገጥኩ።

ምቱ ግን አልገባ አለ። እሱ "የቱ ጋ ነው?" ይለኛል፤ እኔ "እዚያ ጋ" እለዋለሁ፤ እዚያ ጋ የሚባለውን ግን ማሳየት አልችልም። እጄ ያውቀው የነበረውን እኔ አላውቀውም። በመጨረሻ ነገሩ ገባኝ፤ በሕይወቴ ሰው ሳይዘፍን መትቼ አላውቅም። አውጪዋ ትጀምራለች፣ ተቀባዮቹ ይመልሳሉ፣ እኔ እነሱ ሲተነፍሱ እገባለሁ። ስለዚህ እህቴ ተጠራች። የሠርግ ዘፈን የምታወጣው እሷ ናት፤ ምላሷ ደግሞ ከኔም የባሰ ነው።

"አያ፣ የሬዲዮ ወንድም ነው እንዴ ይኸ?" አለች ሣጥኑን እያየች።

"ዝም ብለሽ ዝፈኝ።"

"ጠላ ይጠጣል? ሠርግ ላይ እስከ ማታ ሊቀመጥ ነው፤ ወግ አይደለም፣ አቅርቡለት እንጂ።"

ዘፈነች። እኔ በግራዬ መታሁ። ልጄ ጆሮውን ቀስሮ ሰማና ሰማና፣ "አባየ፣ ያንቱ ምት ያነክሳል!" ብሎ ጮኸ።

"እኔ አላነክስም!"

"ሁለተኛው ምት ይዘገያል ማለቴ ነው።"

"የቱ ነው የዘገየው? እኔ ዘግይቼ አላውቅም!"

እህቴ እየሳቀች፣ "ኧረ ያነክሳል አያ፤ እኛም ተከትለንህ ነው ስናነክስ የኖርነው" አለች።

ልጄ አልተከራከረኝም። ሣጥኑ ለማንከሻ የተሠራ ማዞሪያ አለው ለካ። እሱን ትንሽ በትንሽ አዞረው። እህቴ ከመሀል ዘፈን አቆመች። እኔም ግራ እጄ አየር ላይ ቀረ። ሣጥኑ ብቻውን ይመታል፣ የሚመታው ደግሞ እኔ ነኝ። ድምፁ የቆርቆሮ ነው፣ የዝናብ ነው፣ ቆዳ አይደለም፤ አረማመዱ ግን የኔ ነው።

ወዲያው ሙሽራዋ ልጄ እጇ ሊጥ እንደሆነ ከማድቤት ሮጣ ገባች። "አባየ! እጅዎ ዳነ!"

መጀመሪያ እኔን አየች፣ ጭኔ ላይ ያለውን እጅ፤ ከዚያ ሣጥኑን። ሊጡን በቀሚሷ ጠረገችና ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። "በሱ ነው የምወጣው?" አለች። "በሱ ነው" አላት። "እሺ፣ አባየን ነው" አለችና ተመልሳ ወጣች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ልጄ ጠየቀኝ፣ "ዝግታው ምን ያህል ይቆይ? ከዚያ ራሱ ወደ ፈጣኑ እንዲዞር አደርገዋለሁ።"

"እስክትጨርስ።"

"ማን?"

"እህትህ ናት እንጂ ማን ነው የምትወጣው? ጉልበት ስማ እስክትጨርስ።"

"ልኩን ይንገሩኝ፣ አባየ። ሣጥኑ እስክትጨርስ የሚባል አያውቅም።"

"እስክትጨርስ አልኩህ!"

ተቆጣሁ። ይኸም ይጠየቃል ብዬ ነው። እህቴ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘለቀችው፤ እሱ ያንን ለካ፣ በላዩም ትንሽ ጨመረበት። በዚያ ክፍል ውስጥ ጉልበት የሚስም አልነበረም፣ የሚመርቅም አልነበረም። ለማንኛችንም ትዝ አላለንም። ከበሮ ሰው እንደሚጠብቅ አፍ አውጥተን ተናግረን አናውቅማ።

የሠርጉ ቀን ሣጥኑ ዳሱ በር ላይ፣ ከኔ ወንበር አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከከተማ የመጣ ሞንታርቦ ጎኑ ቆመ፤ ጄኔሬተሩ ጓሮ ይንደቀደቃል። ልጄ ቁልፉን ሲጫን ዳሱ ሙሉ ሰው ቀና አለ። ከዚያ አንዲት ጎረቤታችን "እሱ ነው! እሱ ነው!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የሙሽራው ወገን ከሙጃ የመጣ ነው፤ ደገኛ ነው፣ በቀላሉ አይነሳም። እነሱ ተነስተው ትከሻቸው እኔ በምፈልገው ቦታ ሲወድቅ ሳይ፣ ይኸን ልጅ ወልጄ አልቀረሁም አልኩ በልቤ።

መውጫዋ ደረሰ። ልጄ ዝግታውን ለቀቀው። ሙሽራዋ ተሸፍና በእናቷ ወገን ጀመረች። ወዲያው አንድ ሰው መጥቶ ልጄን ጠራው፤ ሙሽሮቹን የሚወስደው አይሱዙ ከታች ኩርባው ላይ ድንጋይ ገጥሞት መዞር አቅቶታል።

"አባየ፣ ደርሼ ልምጣ። ራሱ ነው የሚሄደው፣ ምንም እንዳይነኩ።"

"ኧረ ምን ልነካ" አልኩት።

የባለቤቴ አጎት ቄስ ናቸው፤ ምርቃት ላይ የሚደርስባቸው የለም። ልጄ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እሳቸው ከአብርሃምና ከሣራ ጀመሩ። ቆባቸውን አስተካክለው ቀጠሉ። እኔ ከበሮ ላይ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ መራቂ ሲገኝ ምቱን ወደታች አውርጄ ቃላቸውን አስቀድማለሁ። ይስሐቅና ርብቃ ላይ ሲደርሱ ሣጥኑ ፈጠነ።

ሚዜዎቹ ምን ያድርጉ? ከበሮ ሲፈጥን ማንሳት ነው የተማሩት። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄሱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በሷና በኔ መሀል ገና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እነሱም ተነስተው አጨበጨቡ። አነሷት።

ወደ ሣጥኑ ዞርኩ። ቀዩ መብራት ይሮጣል። ማቆሚያው የትኛው ነው? አንዱን ማዞሪያ ያዝኩና አዞርኩት፤ ድምፁ ረዝሞ እንደ ነጎድጓድ ተንጎደጎደ፣ ዳሱ ተናወጠ፣ ሰው "ይበል!" አለ። ሌላውን አዞርኩ፤ ጭራሽ ፈጠነ። በቀኝ እጄ ልይዘው ቃጣሁ፤ እጄ የለም። ተነሳሁ። ግራ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ "ቁሙ! ቆይ! አልመረቅኋትም!" እያልኩ ጮህኩ። ሞንታርቦው አፌን ዋጠው።

"አባት ጨፈረ!" አለ አንዱ። "አባት ጨፈረ!"

ክብ ሠሩብኝ። የሙሽራው አጎት፣ ግዙፍ ሰውዬ፣ መጥቶ ትከሻውን ከትከሻዬ ጋር ገጠመና ያንቀጠቅጠው ጀመር። ልገፋው ብል እሱም ገፋኝ፤ ሰው ተደሰተ። በትከሻው በላይ ነጩ መሸፈኛዋ ከበሩ ሲወጣ አየሁ። አንዴ ዞር አለች። ፊቷ ስለተሸፈነ የት እንዳየች አላውቅም።

አይሱዙው ጥሩንባውን እየነፋ ከወረደ በኋላ ባለቤቴ መጥታ ገመዱን ነቀለችው።

"መብራት ሄደ!" ብለው ጮኹ ወጣቶቹ።

"አልሄደም" አለች። አንገቴ ላይ የወደቀውን ጋቢ አስተካክላ ወንበሬ ላይ አስቀመጠችኝ።

ልጄ ላብ አጥምቆት እየሳቀ መጣ። "ሰማችሁት? ኩርባው ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል! ሹፌሩ መሪውን ትቶ አጨበጨበ እኮ! አባየ፣ እንዴት ነበር?"

ያየሁትን ፊት ለፊት የምናገር ሰው ነኝ፤ በዚህ የተቀየመኝ ብዙ ነው። አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ከልጁ ጀርባ ቆማ ራሷን ነቀነቀች። ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሞት መጥቷል፤ ስንት ቀን ደጄ ላይ ተቀምጦ ማንከሴን ሲፈልግ ከርሟል።

"ጥሩ ነው" አልኩት።

ለመልስ ሲመጡ ከደጅ ነው የጠበቅኋት። ጉልበቴን ሳመች፤ መረቅኋት። ግን እንግዳ ሆና ነው የሳመችኝ፣ ባሏ ከጎኗ ቆሞ። ምርቃቱን አሳጠርኩት፤ የመውጫውን ምርቃት በመግቢያ ላይ ማለት አይሆንልኝም። በግ ታርዶ ነበር። በልተን ስናበቃ ጠላ ልትቀዳልኝ አጠገቤ ተንበረከከች።

"አባየ" አለች ዝቅ ብላ። "ያን ዕለት ቸኮሉብኝ።"

"እንዴት?"

"ከበሮው ሲፈጥን ገና አንቱ ጋ አልደረስኩም ነበር። አነሱኝ። የሌላ ሰው ምት ቢሆን እወርድ ነበር፣ እምቢ እል ነበር። ያንቱ ምት ሲሆንብኝ ጊዜ፣ በቃ ሂጂ ማለትዎ ነው ብዬ ዝም አልኩ።" ጠላውን ቀዳች። "እስከ ሙጃ ምን አጠፋሁ እያልኩ ነው የሄድኩት።"

ወንድሟ ከፊት ለፊታችን ተቀምጧል። እጁ ቁራሹ ላይ ቀርቷል፣ እኔን ያያል። ሰምቷት ይሁን አልሰማት አላወቅሁም። እኔ አይደለሁም፣ ሣጥኑ ነው ብላት እሱን ላፈርሰው ነው። እኔ ነኝ ብላት እሷን። በግራ እጄ ዋንጫውን አነሳሁ፣ ሳልጠጣ መለስኩት።

"መንገዱ እንዳይመሽባችሁ ብዬ ነው" አልኳት።

"ቢመሽስ?" አለች።

ቢመሽስ። እኔም እሱን ነው ስል የከረምኩት።

ልጄ አዲስ አበባ አልተመለሰም። ሣጥኑን ይዞ በየሠርጉ ይጠራል፤ በዚህ ዳገት ላይ ሥራ አገኘ፣ ሚስት ለማግባትም እያሰበ ነው። "ያባትህን ምት አምጣልን" ይሉታል። አንዴ እንደ ዘበት፣ መጠበቅ አይችልም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ሰው አጠገቡ ከቆመ ይችላል፤ እኔ ሁልጊዜ እቆማለሁ" አለኝ። ሁልጊዜ ግን አይቆምም። ሁለት ሠርግ ባንድ ቀን ሲገጥመው ለጓደኛው ይሰጠዋል።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔና ባለቤቴ ደጅ ተቀምጠን ፀሐይ ስንሞቅ ከማዶ ተሰማን። ዝግታው ነው። ገደሉ ድምፁን አንስቶ ያመጣዋል።

"የማን ልጅ ናት የምትወጣው?" አለች።

"እኔ ምን አውቄ።"

ተቀምጠን ሰማን። ግራ እጄ ጉልበቴ ላይ ይመታል፤ ልከለክለው አልቻልኩም። ስንት ሰው እንዳለ ከዚህ አይታይም፣ ከማን ጉልበት ላይ እንደደረሰች አይታይም፣ አባቷ በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም።

"ቆይ" አልኩ። "ቆይ እንጂ።"

"ለማን ነው የምትናገረው?" አለች ባለቤቴ።

ፈጠነ።